ኢርሻድ ቻቻ ያመጣው ብርሃን

ኢርሻድ ቻቻ ባለፈው ሐሙስ ሞተ። ሰፈሩ በሙሉ አለቀሰለት። ሴቶቹ በተቀመጥንበት ክፍል አንድ ወሬ ነበር ከአፍ ወደ አፍ የሚዞረው፤ «ለዚህ ሰፈር ብርሃን ያመጣ ሰው ነበር» ይባባላሉ። እኔ ጥግ ይዤ ጥርሴን ነክሼ አዳመጥኩ። በሕይወት ሳለ አንቱ ስለው ኖሬያለሁ። ከእንግዲህ ግን እሱ ነው የምለው፤ የማይጥመው ካለ ጆሮውን ይድፈን።

ብርሃን ማምጣቱ እውነት ነው። ያመጣበትን ቀን አልረሳውም፤ ሰባት ዓመቴ ነበር።

የተወለድነው ባሬሊ ከተማ፣ የሙሽራ ልብስ በወርቀ ዘቦ ከሚጠለፍበት ሰፈር ነው። ቤታችን አንድ ሰፊ ክፍልና ሰው የሚወጣበት ጠፍጣፋ ጣሪያ ነበረው። ክፍሉን የሞላው መወጠሪያው ነው፤ በአጭር እግሮች የቆመ የእንጨት አራት ማዕዘን፣ የሐር ጨርቅ እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረበት። አሚ፣ ማለት እናቴ፣ በአንድ በኩል፣ ታላቅ እህቴ ታባሱም በሌላ በኩል መሬት ላይ ተቀምጠው ቀኑን ሙሉ ይጠልፉ ነበር። ታባሱም አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ስሟን የመጥራት መብት ስለሌለኝ አፓ እላታለሁ። አባታችን አቡ ልጆች በሰማይ የሚያፋልሙት የወረቀት አሞራ የሚለቀቅበትን ክር፣ የሌላውን ክር እንዲቆርጥ በጠርሙስ ዱቄት እየለወሰ ይሸጥ ስለነበር ጣቶቹ ሁልጊዜ የተቆራረጡ ነበሩ።

በዚያን ጊዜ የሥራ ሰዓት የሚቆርጠው መስኮቱ ነበር። ፀሐይ በአንዱ ጎን ገብታ መወጠሪያው ላይ ቀስ እያለች ትሄዳለች፤ እነ አሚም አብረዋት እየተንፏቀቁ ይጠልፋሉ። አሥር ሰዓት ግድም፣ ለከሰዓት በኋላው ሰላት አዛን ሲባል፣ ብርሃኑ ከጨርቁ ላይ ይወርዳል። ያኔ ሥራ አለቀ ማለት ነው። መርፌ ይሰካል፣ ወገብ ይፍታታል፣ ሁላችንም ጣሪያ እንወጣለን።

ጣሪያው ላይ አፓ ንግሥት ነበረች። ሰማዩን የሞሉትን የወረቀት አሞራዎች አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች። «ያ ቀዩ የነሐሚድ ነው፤ ጅራቱ ተቀዶ በጋዜጣ ጠግነውታል» ትላለች። እኔ ነጥብ ነው የሚታየኝ፤ ጋዜጣ ቀርቶ ጅራቱም አይታየኝ። ወንዶቹ ልጆች ከታች ሆነው «ታባሱም አፓ፣ የኛ ወዴት ወደቀ?» ብለው ይጮሃሉ፤ እሷ በእጇ ትጠቁማለች፣ እነሱ ይሮጣሉ።

ኢርሻድ ቻቻ፣ ማለት አጎት ኢርሻድ፣ ሥራ አቀባያችን ነበር። ጨርቁንና ወርቀ ዘቦውን ከነጋዴዎች ተቀብሎ በየቤቱ ያድላል፤ የተጠለፈውን ይሰበስባል። እናቴን ባቢ ይላታል፣ የወንድሙ ሚስት እንደማለት ነው። አንድ ቀን ክንድ የሚያህል ረጅም ነጭ አምፖልና የከባድ መኪና ባትሪ አሸክሞ መጣ።

«ባቢ፣ ዓይናችሁን ልታጠፉት ነው እንዴ?» አለ። «በዚህ ዘመን በመስኮት ብርሃን የሚጠልፍ አለ? ወላሂ እናንተን ሳይ እንቅልፍ ነው የማጣው።»

አምፖሉን ከመወጠሪያው በላይ በሁለት ሽቦ አንጠለጠለው፤ አፓ ቀና ስትል ግንባሯን እስኪነካት ዝቅ አድርጎ። ሲበራ ዝዝዝ ይል ነበር። ወርቀ ዘቦው ቦግ አለ፤ ዓይን እስኪወጋ ድረስ አብረቀረቀ። እኔ አጨበጨብኩ። ከዚያ ወዲያ መብራት ሲጠፋና ሰፈሩ በሙሉ «ኡኡ» ሲል የኛ ቤት አይጨልምም ነበር። በር ላይ ወጥቼ እንዲሁ እንደ ሹም እቆማለሁ፤ ልጆቹ እንዲቀኑ።

በሳምንቱ ጥቁር ወረቀት ይዞ መጣ። «ፀሐይ ሐሩን ታደበዝዘዋለች፤ ደግሞም አላፊ አግዳሚው ጥለታችንን እያየ ይሰርቀናል» አለ። አሚ ቅር እያላት «አየር አይገባንም እኮ፣ ወንድም ኢርሻድ» ብትለው፣ «በሩ አለላችሁ አይደል?» ብሎ ሳቀና ወደ እኔ ዞረ። «ሹማይላ፣ አንቺ ጎበዝ ነሽ አሉ። እስቲ ይሄን ለጥፊልኝ።» የስንዴ ዱቄት በውኃ በጥብጬ ሙጫ ሠራሁ። ወንበር ላይ ቆሜ መስኮቱን ከዳር እስከ ዳር ለጠፍኩት፤ አንዲት ቀዳዳ ሳላስቀር። እሱ ቢጫ ወረቀት የተጠቀለለ ከረሜላ ሰጠኝ፤ «ይሄ ነው ሥራ ማለት» አለኝ።

ቀጥሎ የግድግዳ ሰዓታችንን «ላሠራላችሁ» ብሎ ወሰደ። ሰዓቱ አልተበላሸም ነበር። አልተመለሰም። በፋንታው ቴሌቪዥን መጣ።

ቴሌቪዥን! እኛ ቤት! ከመወጠሪያው ማዶ ሣጥን ላይ ተቀመጠ፤ እየጠለፉ ቀና ሲሉ እንዲታያቸው። ጠዋት ይከፈታል፣ እስኪተኛ ድረስ አይዘጋም። በተከታታይ ድራማ ምራቶች አማቶቻቸውን ይመርዛሉ፣ ሙሽሮች መንትያ እህት ይወጣላቸዋል። አሥር ሰዓት ላይ አዛኑ ሲሰማ ማንም አይነሳም፤ ብርሃኑ አልሄደማ፣ ድራማውም ገና መሐል ነው። «ይቺን ቅጠል ልጨርስ» ትላለች አሚ። ቅጠሏ አልቃ አበባ ትጀመራለች። ጣሪያው ላይ ርግቦች ብቻ ቀሩ። እኔ ቅር አላለኝም፤ ከቴሌቪዥኑ አንድ ክንድ ርቄ አፌን ከፍቼ ተቀምጬ ነበር።

አሁን ገንዘብ ቤት ነው የምሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተተክዬ እውላለሁ። የመሥሪያ ቤታችን ግድግዳ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ «በየሃያ ደቂቃው ዓይንዎን አንሥተው ሩቅ ይመልከቱ» ይላል። ሥዕልም አለው፤ አንድ ሰውዬ በመስኮት ዛፍ ያያል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ልገነጥለው እጄን ዘርግቼ ነበር። እኛ ዘንድ ይሄን ማንም ሳይለጥፍልን እናደርገው ነበር። ጣሪያ ነበረን። ያ ሰው አምፖል ሰጥቶ ነው ጣሪያችንን የወሰደብን፤ እኔም ምስጋናዬን በሙጫ ለጥፌ ሰጠሁት።

ከጥቂት ወራት በኋላ አፓ መርፌ ውስጥ ክር እንዳስገባላት ትጠራኝ ጀመር። በቀን አንዴ፣ ከዚያ ሦስቴ፣ ከዚያ ክር በጨረሰች ቁጥር። እኔ ሹመት መስሎኝ ነበር። ክሩን በምራቄ አሹዬ አንዴ እልክና በኩራት እመልስላታለሁ። አንዳንዴ ግን ቴሌቪዥኑ ያምረኝና እነጫነጫለሁ።

«ራስሽ አታስገቢም? ሰነፍ!»

«ነይ አንቺ ቀበጥ፣ አትጩሂ» ትለኛለች፤ አሚን ሰረቅ አድርጋ እያየች።

ታለቅስም ነበር። እንባዋ ሳይቆም ይፈስሳል፤ በክንዷ ጠረግ አድርጋ ትቀጥላለች። በቴሌቪዥኑ ምራቷ ስትገረፍም ታለቅሳለች፣ የሳሙና ማስታወቂያ ሲመጣም ታለቅሳለች። እኔ ለድራማው መስሎኝ «አይዞሽ አፓ፣ ነገ ትድናለች» እላታለሁ። እሷም ትስቃለች። ማታ ማታ ራሷን በሻሽ ጥብቅ አድርጋ ታስራለች። እንቅልፍ እንደማይወስዳት፣ ዓይኗን ስትጨፍንም አምፖሉ እንደሚታያት አንዴ ነግራኛለች፤ ተረት እያወራችልኝ ነበር የመሰለኝ።

አሚ ያላወቀች መስላ ብትከርምም አንድ ቀን ኩል አወጣች። ከተማችን በኩሉ የታወቀች ናት፤ እኛ ዘንድ ኩል ለውበት ብቻ ሳይሆን ለዓይን መድኃኒት ተብሎም ይደረጋል። የታመመ ዓይን ይሁን፣ የደከመ ዓይን ይሁን፣ በብርጭቆ ዘንግ ኩል ይገባበታል፤ ሌላ ጥያቄ የለም። ጥቁሩ ዱቄት የአፓን ቀይ ዓይን ሲነካው እግሯ መሬት ይደበድባል። አሚ አገጯን ይዛ «ሲያቃጥል ነው የሚሠራው» ትላታለች። እኔ ሻማ እይዛለሁ፤ ኩል የተቀላቀለበት እንባዋ ጉንጯ ላይ ጥቁር መንገድ ሲሠራ ደስ ይለኛል።

ጎረቤታችን አንዴ «ሐኪም ዘንድ ውሰጃት፣ መነጽር ያዝላታል» አለቻት።

አሚ በሩን ገርበብ አድርጋ ነው የመለሰችላት። «ቀስ በይ! መነጽር? ልጄን እቤት ልታስቀሪብኝ ነው? መነጽር ያደረገችን ልጅ ማን ያገባል? ምንም የላትም። ቴሌቪዥኑ ላይ እያፈጠጠች ነው።»

እኔም ምንም እንደሌላት እርግጠኛ ነበርኩ። ማስረጃ ነበረኛ! አንድ ዓርብ ጣሪያ ላይ ልብስ ስናሰጣ፣ አፓ ቀና ብላ «ውይ፣ የነሐሚድ ቀይ አሞራ አዲስ ጅራት ተሠራለት» አለች። ነጥብ ነበረች፤ በሰማዩ ጫፍ የምትታይ ነጥብ። ያን የሚያይ ዓይን መርፌ እንዴት ያጣል? ታስመስላለች፣ እኔን ለማዘዝ ነው ብዬ አኮረፍኳት።

ይህን ንዴቴን ነው ለኢርሻድ ቻቻ የነገርኩት። በር ላይ አገኘኝ፤ ቢጫውን ከረሜላ አወጣና ቁጢጥ ብሎ ጉንጬን ነካ።

«የእህትሽ እጅ ቀርፈፍ ብሏል ሹማይላ። ታመመች እንዴ?»

«አልታመመችም፣ ሰነፍ ናት! መርፌዋን ሁሉ እኔ ነኝ የማስገባላት። ራሷ አንድም አታስገባም።»

«አንድም?»

«አንድም! ለአሚ ግን እንዳትነግሯት።»

«እኔ? ምን አግብቶኝ» አለና ሁለተኛ ከረሜላ ጨመረልኝ። ሁለቱንም አንድ ላይ አፌ ውስጥ ጨምሬ ገባሁ።

በዚያው ሰሞን አፓን ለጋብቻ ለማየት ከጎረቤት ከተማ ከራምፑር ሰዎች ይመጣሉ ተባለ። ልጁ መጽሐፍ ጠራዥ ነው፤ እናቱ ሳቢራ በጉም፣ ወይዘሮ ሳቢራ እንደማለት፣ ይባላሉ። ፎቶውን አፓ ትራሷ ሥር ደብቃው አገኘሁት። ጆሮው ትልቅ ነው ብዬ ስስቅባት በጥፊ ልትለኝ እጇን አነሳችና ፎቶውን ክንዷ እስኪዘረጋ አርቃ ይዛ አየችው። «ትልቅ ጆሮ ያለው ሰው ያዳምጣል» አለች። ያን ቀን የፈገገችውን ዓይነት ፈገግታ ፊቷ ላይ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። የምትሄድበት ቤት ግቢ እንዳለው፣ የጓቫ ዛፍም እንዳለበት፣ እዚያ ከወርቀ ዘቦ ጋር እንደማትገናኝ ነገረችኝ። እኔ እንዳትሄድብኝ አለቀስኩ።

ቀኑ ደረሰ። መወጠሪያው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ፤ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ሳምቡሳ ተጠበሰ። ሳቢራ በጉም ገብተው ከክፍሉ ማዶ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ተቀመጡ። ቀትር ነው፤ ውጭው ፀሐይ ነው፤ እኛ ግን አምፖል አብርተናል። እኛ ዘንድ ልጅ ለማየት የመጣች ሴት ሳትፈትን አትሄድም፤ አንዷ ቁርዓን ታስነብባለች፣ አንዷ ታራምዳለች፣ አንዷ ፀጉር ፈትታ ትጎትታለች። ሳቢራ በጉም ቦርሳቸውን ከፈቱና ሰማያዊ የመርፌ ወረቀት አወጡ።

አወቅሁት። የኛ ነው! ኢርሻድ ቻቻ በየሳምንቱ መርፌ የሚያድለን እንደዚህ ባለ ሰማያዊ ወረቀት ጠቅልሎ ነበር፤ ቤት ከቤት እንዳይምታታበት በወፍራም ቀይ እርሳስ የየቤቱን ቁጥር ይጽፍበታል። እኛ አሥራ አራት ነን። ወረቀቱ ላይም አሥራ አራት ተጽፏል። ዘመድ ያየሁ ያህል ደስ አለኝ።

በዚህ መሐል አፓ ሻይ ይዛ በሩ ላይ ደረሰች። ቀና ብላ እንግዳዋን አየች፤ አንድ ጊዜ ቆም አለች፤ ብርጭቆዎቹ ተንቀጫቀጩ። አፍራ ነው አልኩ። ከዚያ ገባች፣ ሻዩን አስቀመጠች፣ ተቀመጠች።

«ነይ የኔ ልጅ፣ እስቲ ይቺን አስገቢልኝ፤ እኔ አርጅቻለሁ» አሉ ሳቢራ በጉም፤ መርፌና ነጭ ክር እየሰጧት።

አፓ አንዴ ሞከረች። ክሩ በመርፌው ጎን አለፈ። ሁለተኛ ሞከረች። ሦስተኛ። አሚ ሳምቡሳ ማቅረብ አበዛች። አምፖሉ ዝዝዝ ይላል። አፓ ድንገት ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ ድሮ በፀሐይ ጊዜ እንደምታደርገው። መርፌውን ከፍ አድርጋ ወደ መስኮቱ ያዘችው። ጥቁሩ ወረቀት ፊቷ ነው። እጇን ወረቀቱ ላይ አሳረፈችና እንደዚያው ቆመች፤ ጀርባዋን ሰጥታን፣ ሳትዞር።

አላስቻለኝም። ዘልዬ ተነሣሁ። «አምጪው አፓ! ሁልጊዜ የማስገባላት እኔ ነኝ እኮ!» አልኩ ለእንግዳዋ። ክሩን በምራቄ አሹዬ በአንድ ጊዜ አስገባሁትና ለጭብጨባ ዞርኩ።

«ማሻአላህ» አሉ ሳቢራ በጉም። «አንቺስ ዓይን አለሽ።»

ሻዩን አልነኩትም። «መልስ እንልካለን» ብለው ወጡ። የላኩት ነገር የለም። አሚ በሩን ዘግታ ሁለት ጥፊ አቀመሰችኝ፤ ረድቼ ስለምን እንደምመታ አልገባኝም ነበር። አቡ ሲመጣ ሰማና ቴሌቪዥኑን አንሥቶ ከደጅ ወረወረው። «ይሄ ሰይጣን ነው ዓይኗን የበላው!» እያለ በቆሰለ እጁ ስብርባሪውን ይደበድብ ነበር። አምፖሉን ማንም ዞር ብሎ አላየውም። አጠገቡ ቆመው ነበር የሚጯጯሁት።

በማግስቱ ኢርሻድ ቻቻ መጣ። ስለ ቴሌቪዥኑ ምንም አልተናገረም። አቡን አቅፎ «ነሲብ ነው ወንድሜ፣ የዕጣ ነገር ነው፤ እኔ እያለሁ ልጅህ ሥራ አታጣም» አለው። አቡ አለቀሰ። እኔ በሩ ሥር ሆኜ፣ ከዚህ ሰው የበለጠ ደግ ሰው በዓለም የለም ብዬ አሰብኩ። በሳምንቱ ሁለት የሙሽራ ቀሚስ ላከልን፤ ሌላ ቴሌቪዥንም ጨመረ።

አፓ ከዚያ በኋላ አሥራ ሦስት ዓመት በዚያ አምፖል ሥር ጠለፈች። ከከተማው በጣም ቀጭን የሚባለው ጥልፍ የእሷ ነበር፤ በዳበሳ ትጠልፈው እንደነበር ማን አወቀ? እኔ መርፌ አስገባሁ። ወዲያው ሥራ እንደያዝኩ በመጀመሪያው ደመወዜ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሟ ሁለት ሦስት የመነጽር መስታወት ቀያየረችላትና አንድ ወረቀት አስያዘቻት፤ አፓ ጥቃቅኗን ፊደል ሳትቆም አነበበች። ከሻይ ማፍያ ጊዜ ያነሰ ነው የወሰደው። «ሩቁን እንጂ ቅርቡን በደንብ የማያይ ዓይን ነው የተፈጠረላት» አለችኝ። «በልጅነቷ መነጽር ቢሰጣት፣ በየመሐሉም ዓይኗ ቢያርፍ፣ በቂ ነበር። ኩሉን ደግሞ ጣሉት። ለመሆኑ ምን ስትጠብቁ ነበር?» ሐኪሟ ላይ ጮህኩባት፤ ምንም ያላጠፋች ሴት ላይ።

የሰማያዊው ወረቀት ነገር ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ነበር የገባኝ፤ ሃያ ዓመት ሆኖኝ፣ ከኢርሻድ ቻቻ መጋዘን ጨርቅ ልቀበል ሄጄ። ወረቀቶቹ በየቁጥራቸው ተደርድረዋል። አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት። የኛ ቁጥር ያለበት ወረቀት ከእሱ እጅ በቀር ከየትም አይመጣም። የራምፑሯ ሴት ቦርሳ ውስጥ የገባው እሱ ስለሰጣት ነው። «መርፌ ፈትኛት» ብሎ ሹክ ያላትም እሱ ነው። ምርጥ የጥልፍ እጁን ማን በጋብቻ ይወስድበታል? ቁጥሩን እንኳ አልቀየረውም። ቸኩሎ ነው ሊባል ይችላል። እኔ ንቆን ነው እላለሁ። እሱ ያወቀው ደግሞ ከእኔ አፍ ነው። ይህን ለአፓ መናገር አቃተኝ፤ እሱ እስኪሞት ድረስ በሆዴ ይዤው ዞርኩ።

ከለቅሶው እንደተመለስኩ ጣሪያ ወጣሁ። አፓ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ አተር ትፈለፍላለች። አርባ አራት ዓመቷ ነው። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ብርሃን ያመጣልን ሰው ሲሉት ዋሉ» አልኳት። «አፓ፣ ያኔ እነዚያ ሰዎች የመጡ ቀን፣ ያ የመርፌ ወረቀት…»

«አሥራ አራት ቁጥር» አለች፤ ከአተሩ ላይ ዓይኗን ሳታነሣ።

ዞሬ አየኋት።

«ከበሩ ላይ ሆኜ ነው ያነበብኩት። ሩቁን መቼ አጥቼው አውቃለሁ?»

«አውቀሽ ነው የገባሽው? ለምን ገባሽ? ለምን አልጮህሽም?»

«ሻይ ይዤ ነበራ። የት ልድፋው?» አለች። ከዚያ እጇ ቆመ። «ለአቡ ብነግረው ምን ያደርጋል? አንድ ቀን ተሳድቦ በሁለተኛው ቀን ሥራ ሊለምነው ይሄዳል። አንቺስ ያኔ በማን እጅ ነበር የምትበዪው? እኔ ስንት ዓመት እንደረገምኩት አላህ ያውቃል። በየስፌቱ ነው የረገምኩት። ያ ሁሉ ሙሽራ የኔን እርግማን ለብሶ ነው የተዳረ።»

«አፓ፣ ለእሱ የነገርኩት…»

«አንቺ ነሽ። አፍሽ በከረሜላ ተወጥሮ ነው የገባሽው፤ ቢጫው ወረቀት እጅሽ ላይ ነበር። አንድ ቢሆን ዝም ብሎ ሰጣት እል ነበር። ሁለት ነበር።»

ማልቀስ አማረኝ፤ ግን በእሷ ፊት ለማልቀስ መብቱ አልነበረኝም። መነጽሯን አንሥታ ዓይኗ ላይ አደረገችና ፊቴን በቅርበት አየችው፤ ምናልባት ልጅ ሆኜ አንድም ቀን በደንብ ያላየችውን ፊት።

«ከረሜላው ግን ጣፋጭ ነበር?» አለችኝ።

ውሸት ፈለግሁ፤ አጣሁ።

«አዎ» አልኳት። «በጣም ጣፋጭ ነበር።»

ራሷን ነቀነቀች። የአተሩን ሳህን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ «በይ ፈልፍዪ፣ ሳይመሽ» አለችኝ።